ጉንፋኑ ካለፈ በኋላ

ቤተ ልሔም፣ ጋይንት
ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለሜ ሰርካለም፣

ሰላምታዬ መጀመሪያ ለአባባ ይድረስ፤ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ቀጥሎ ላንቺ። ስልክ ለምን እንደማላነሳ ጠይቀሻል። «ኮራህብን ወይ» ማለትሽ ግን አሳቀኝ። ድጓ ተማሪ በምኑ ይኮራል?

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተራ ዕለት ታቦቱን አጅበን ወንዝ ዳር አደርን። ውርጩ ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር። በማግሥቱ ጉንፋን ያዘኝ። ጉንፋኑስ ዳማከሴ ጨምቄ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ታጥኜ አልፏል፤ ጆሮዬን ግን ደፍኖብኝ ሄደ። ሁለቱም ውስጥ ጥጥ የተወተፈ ይመስላል። ምራቄን ስውጥ ቋ ይላል፤ ከፈት ያለ መስሎኝ ደስ ሲለኝ ተመልሶ ይዘጋል። በግራው በኩል ደግሞ ሲር የሚል ድምፅ አለ፤ ክረምት ላይ ሣር ውስጥ እንደሚጮኸው ፌንጣ። ጭር ሲል ይብስበታል።

በስልክ ስታናግሪኝ ድምፅሽ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው ነው፤ ቃሉን አልለየውም። ከምዘባርቅብሽ ብዬ ነው ያላነሳሁት። ያልፋል፤ ቀላል ነገር ነው። እስከዚያው ጻፊልኝ። ነጋዴው ጣሰው እህል ሊጭን ወደዚህ መመላለሱን አላቋረጠም፤ በእርሱ ላኪው።

አባባ ለጠየቁኝ መልሱ ይኸው፦ የኔታ «ከፋሲካ በኋላ ታስመሰክራለህ» ብለውኛል። ልጅዎ ከቤተ ልሔም በድጓ ተመስክሮለት ይመጣል፣ የደብራችን የሚካኤል የመሪጌትነት ወንበርም ከእርስዎ ወደ ልጅዎ ይተላለፋል በያቸው። አባባ ያን ወንበር ለእኔ ብለው በደከመ ጉልበታቸው ይዘውት መቆየታቸውን አውቃለሁ።

ሳላቸውስ እንዴት ነው?

ወንድምሽ ብርሃኔ አበጀ


መካነ ኢየሱስ፣ እስቴ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብርሃኔ፣ ወንድም ጋሻዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ደብዳቤህ ሲደርስ አባባ አጠገቤ ነበሩ። «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አሉ፤ አነበብኩ። ምነው አንደበቴ በተሳሰረ! ጆሮ የሚለው ላይ ስደርስ «አቁሚ» አሉኝ። «እስኪ ድገሚው።» ደገምኩት።  ራታቸውንም ሳይበሉ ተኙ። ሲነጋ «የድጓ ሰው ዓይኑ ቢጠፋ በቃሉ ያዜማል፤ እግሩ ቢሰበር ተቀምጦ ያዜማል። ጆሮው የተደፈነ ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ የማውቀው ክርና መርፌ ነው።

ጤና ጣቢያ የምትሠራው ዮዲት ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ ነበርና አማከርኳት። ከአፍንጫ ወደ ጆሮ የሚሄድ ቀጭን ቧንቧ አለ አለችኝ። በጉንፋን ጊዜ ያብጥና ይዘጋል። ብዙውን ጊዜ በራሱ ይከፈታል፤ ከሰነበተ ግን ከጆሮው ታምቡር ኋላ ውኃ ይቋጥራልና ሐኪም ይየው። አፍንጫውን ይዞ በኃይል አይንፋ፤ ዘይትም ቅጠልም እንዳይጨምርበት ብላለች። ሰማህ? ያ ዘካርያስ የምትለው ጓደኛህ ለሁሉ ነገር መድኃኒት አያጣም፤ ጆሮህን እንዳትሰጠው።

እናስ ሐኪም ጋ ሄድክ ወይስ አልሄድክም? እውነቱን ጻፍልኝ። አባባ አንተን አንተን እያሉ ነው።

አባባን ከገጠር ወደ ቤቴ አምጥቻቸዋለሁ። ለብርዱ ብዬ ነው እንጂ ሌላ እንዳይመስልህ። ሳሉ ያው ነው።

እኅትህ ሰርካለም


ቤተ ልሔም
የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለሜ፣

አባባን ቀድመሽ አብስሪያቸው፤ ጆሮዬ ተከፈተ! ትናንት ጧት ለጸሎት ቆሜ ሳዛጋ ጧ አለና ዓለም ሁሉ ተመልሶ ገባ። የአህያው፣ የወፉ፣ የውኃው ድምፅ። እንዴት ያለ ጫጫታ ውስጥ ነው የምንኖረው!

ሐኪም ጋ ሄደሃል ወይ ላልሽው ሄጃለሁ። አየኝና «ምንም የለብህም» ብሎ መለሰኝ። ዘካርያስንም አትውቀሺው፤ ዘይቱን አምጥቶ ነበር፣ እኔ እንቢ አልኩት።

ለአባባ ይህንንም ጨምሪላቸው። ጾመ ድጓው ላይ ነን፤ ዛሬ የኔታ ፊት ቆሜ የአራራዩን ዜማ ሳወርደው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ስጨርስ «ይህ የአበጀ ልጅ ነው» አሉ። በዚህ እጄ ይኸው ጻፍኩልሽ፤ ራታቸውን ይብሉ።

«ሳሉ ያው ነው» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ያው እንደ ምን? እንደ ዐምና ነው ወይስ እንደ ታኅሣሡ? ግልጡን ንገሪኝ። መምጣት ካለብኝ እመጣለሁ።

ወንድምሽ ብርሃኔ


መካነ ኢየሱስ
የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብርሃኔ፣

እልል ነው ያልኩት፣ በጾም! ጎረቤት ምን ተወለደ ብሎ መጣ። ለአባባ አነበብኩላቸው። «የአበጀ ልጅ ነው» የምትለዋን ቃል ደጋግመው አስነበቡኝ። ከዚያ ተነሥተው ተቀመጡና ሹሮ በሉ፣ እስኪበቃቸው። ስንት ቀን እህል ያልቀመሰ አፍ ብታየው ባለቀስክ ነበር።

ሕመሙ ጠንቶባቸው አይደለም ያልበሉት፤ የጾሙ ድካም ነው። ሳሉ ተወት አድርጓቸዋል፤ እንደ ዐምናውም አይሆን። መምጣት የሚባል ነገር አታንሣ። «ሳይመሰከርለት እግሩን ከቤተ ልሔም እንዳያነሣ» ብለዋል፤ ይህ የእርሳቸው ቃል ነው።

የደብሩ ሽማግሌዎችም መጥተው ነበር። ከአባባ በኋላ ወንበሩ የማን ነው ብለው ጠየቁ። «ልጄ እየመጣ ነው፤ እስከዚያ ክንዱ ያግዘኝ» አሏቸው። ክንዱ የድሮ ተማሪያቸው ነው፤ ታውቀዋለህ፣ ያ አንገተ ረጅሙ። ሰንበት ሰንበት እርሱ ይመራል።

ጠፍቶ የከረመው ኔትወርክ ከሰሞኑ ተመልሷል። ጆሮህም ተከፍቷልና እንግዲህ እደውልልሃለሁ። ድምፅህን ናፍቀናል።

እኅትህ ሰርካለም


መካነ ኢየሱስ
መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለብርሃኔ አበጀ፣

እንደምን ነህ አልልህም።

አባታችን መሪጌታ አበጀ መጋቢት 9 ቀን ሊነጋጋ ሲል ዐረፉ። አዲስ ነገር የምነግርህ አይምሰልህ፤ በአፌ ነግሬሃለሁ። አሁን የምጽፈው የመለስክልኝን መልስ በዓይንህ እንድታየው ነው።

ገና ሬሳው ሳይገነዝ ደወልኩልህ። ዘመድ ከቦኛል። አጎታችን አያ አማረ «ድምፁን ክፈቺው፤ ልጁ ብቻውን አይደንግጥ፤ ሁላችንም እናጽናናው» አሉኝ። ከፈትኩት።

«ብርሃኔ» አልኩህ።

«አቤት እታለም! እንዴት አደራችሁ?»

«ብርሃኔ፣ አባባ ዐረፉ። አባታችን ዐረፉ።»

«እሰይ!» አልክ። «እሰይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!»

 ሙሾ ታወርድ የነበረችው እማ ማሬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አያ አማረ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው «አንተ ልጅ፣ አባትህ ሞተዋል! ለቀብር እንጠብቅህ ወይ?» ብለው ጮኹ። አንተ ምን አልክ? «የለም፣ እኔን አትጠብቁ፤ ትምህርት ላይ ነኝ፤ ከፋሲካ በፊት አልመጣም። እናንተው በርቱ።» ዘጋኸው። መልሼ ስደውል ኔትወርኩ ሄዷል።

ወደ ሚካኤል ወስደን ቀበርናቸው። ከመቃብሩ ራስጌ ቆሞ ያዜመው ክንዱ ነው። እንባው መቋሚያው ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ የባዕድ ልጅ እንባ። ከቀብር ስንመለስ ሰው የሚያወራው ስለ አባባ ደግነት መስሎህ? ስለ አንተ ነው። «እሰይ ባዩ» የሚል ስም ወጥቶልሃል።

ወንበሩን እንደዚህ ቸኩለህ እንደምትጠብቀው አላወቅንም ነበር።

ሰርካለም


ቤተ ልሔም
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለሜ፣

ጣሰው ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ፊቱን አዞረ። ዕቃ የጠፋበት ይሆናል ብዬ ነበር። ከአጥሩ ጥግ ቆሜ ከፈትኩት። አባባ መሞታቸውን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ከወረቀትሽ። እርሱንም አነበብኩት እንጂ አልሰማሁትም።

እታለም፣ ጆሮዬ አልተከፈተም። ተከፈተ ያልኩሽ ውሸት ነው። አህያውም ወፉም ውሸት ነው። ሐኪም ጋ አልሄድኩም። የኔታም «የአበጀ ልጅ» አላሉኝም። አባባ ራታቸውን ሳይበሉ ተኙ ብለሽ የጻፍሽልኝ ቀን ይበሉ ብዬ የፈጠርኩት ነው። ያልፋልም ብዬ ነበር። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል እያልኩ አፍንጫዬን ይዤ እነፋለሁ፤ የዘካርያስንም ዘይት አስጨምሬያለሁ። ባሰበት እንጂ አልተሻለውም።

እንዴት ሳትሰማ ታዜማለህ ትዪ ይሆናል። የጎኔን ሰው አፍ እያየሁ፣ የመቋሚያውን አወራረድ እየተከተልኩ። ብቻዬን ስቆም አራራይ ብዬ የጀመርኩት ዕዝል ውስጥ ይገኛል። ጓደኞቼ ድምፁ ደከመ እያሉ ያዝኑልኛል። የገዛ ድምፄ ከራሴ ውስጥ እንደ በርሜል ይጮኽብኛል፤ የሌላው ሰው ድምፅ ግን አይደርሰኝም። ድጓ ተማሪ አልሰማም ብሎ እንዴት አፉን ይከፍታል? በማግሥቱ ጓዝህን ሸክፍ የምባል መሰለኝ።

የደወልሽ ዕለት ተማሪው ሁሉ በየጎጆው ደጃፍ ቀለሙን እየጮኸ ነበር። ስምሽን ስልኩ ላይ ሳየው ደነገጥኩ። ባላነሣው እንዳልዳንኩ ታውቂብኛለሽ። አነሣሁት። «አባባ» የሚለው ብቻ ደረሰኝ። ተሻላቸው ያልሽኝ መሰለኝ። ከዚያ የወንድ ድምፅ መጣ፤ «እንጠብቅህ» የሚል ያገኘሁ መሰለኝና ለፋሲካ ትመጣለህ ወይ ነው ብዬ መለስኩ።

ከጥር ወዲህ የምኖረው እንዲህ ነው። ሰው የሚጠይቀው አንድ ነው፤ እንዴት ነህ፣ ትምህርቱስ፣ ጤናስ። ያልሰማሁትን ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩ እመልሳለሁ። ለሁሉ ይሆናል። ለአንድ ነገር ብቻ ነው የማይሆነው፤ እርሱም ደረሰብኝ።

ወንበር ቸኮለ ያልሽውን ግን መልሼ አላነበውም።

አባቱን ያልቀበረው ብርሃኔ


መካነ ኢየሱስ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብርሃኔ፣

የትኛውን ደብዳቤህን ልመን? በየካቲቱ ጆሮህ ተከፍቷል፤ በመጋቢቱ ተዘግቷል። በየካቲቱ የኔታ አወደሱህ፤ በመጋቢቱ አላወደሱህም። ያኔም በዚሁ እጅህ ነው የጻፍከው፤ ያኔም አምኜህ እልል ብያለሁ። አሁን ደግሞ አምነሽ አልቅሺ ትለኛለህ።

አያ አማረ ደብዳቤህን ሳነብላቸው «እኔ ስጮህ እኮ ለሚካኤል ደብር ይሰማል» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ሰው ሁሉ «አቤት እታለም» ስትል ሰምቶሃል። እኔን ሰምተህ የእርሳቸውን ሞት አልሰማህም?

እኔም ዋሽቻለሁ፤ አልክድም። አባባ የካቲት ውስጥ ደም ይተፉ ነበር። ሹሮ በሉ ያልኩህ አንድ ቀን ብቻ ነው። «ሕመሜን ለብርሃኔ ብትጽፊ ረግሜሻለሁ» ብለው በሚካኤል አስማሉኝ። ሐኪም ቤት ልውሰድዎ ስል «ልጄ ይመጣል፤ እርሱ ይወስደኛል» ይሉ ነበር። ሌሊት ሌሊት ጀርባቸውን እያሸሁ ላንተ «ሳሉ ተወት አድርጓቸዋል» ብዬ እጽፋለሁ። የእኔ ውሸት ይህ ነው። የእኔ ውሸት ግን በሬሳ ላይ እሰይ አላለም።

አርባቸው ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። ያልከው እውነት ከሆነ ናና በሰው ፊት ቁም፤ ተናገር፤ ይዩህ። አያ አማረ ይጩኹብህና ትሰማ እንደሆነ ይፈትኑህ። ካልመጣህ ግን ከዚያ ወዲያ እኔ ላንተ የምለው ነገር የለኝም፤ ሰውም የሚለውን ይበል።

ሰርካለም


ደብረ ታቦር
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለሜ፣

አልመጣሁም። ጠብቀሽኝ እንደነበር አውቃለሁ። ከመንገድ ነው የቀረሁት፤ እንዴት እንደቀረሁ ስሚኝ።

ከመነሣቴ በፊት ወደ የኔታ ገባሁ። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ «የኔታ፣ እኔ አልሰማም» አልኳቸው። በሚሻለው በቀኝ ጆሮዬ በኩል ጎንበስ ብለው «አውቃለሁ» አሉኝ። «ጾሙ ሲገባ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ስለ ምን አልነገሩኝም?»

«አንተ ስለ ምን አልነገርከኝም?» አሉ።  «እስክትነግረኝ ጠበቅሁህ። ያባረርኩት የታመመ ተማሪ አለ ወይ? ሄደህ ታከም። ምስክሩ ግን ዘንድሮ አይሆንም፤ በማይሰማ ጆሮ ላይ እጄን ብጭን ድጓውን መዋሸት ይሆንብኛል።» አልፈረድኩባቸውም።

በሰሞነ ሕማማት ከስግደቱ በኋላ ጉንፋን እንደገና ይዞኝ ነበር። እንዲያው በጉንፋኔ፣ በአርባው ዋዜማ ዓርብ ዕለት አውቶቡስ ያዝኩ። ሽቅቡን ምንም አልሆንኩም። ጉናን አልፈን፣ ክምር ድንጋይን ለቀን ቁልቁል ስንወርድ ግን ጆሮዬ ይወጠር ጀመር። ምራቄን ዋጥኩ፤ አልላቀቅም አለ። አዛጋሁ፤ አልሆነም። በእያንዳንዱ ጠመዝማዛ የሆነ ሰው በጆሮዬ ምስማር የሚመታ ይመስለኝ ነበር። ጎኔ የተቀመጠችው ሴት ምን ሆንክ ስትለኝ አፏን አያለሁ። ከዚያ በግራው ውስጥ አንድ ነገር ተበጠሰ። ትኩስ ነገር አንገቴ ላይ ወረደ፤ ብነካው ደም የተቀላቀለበት ውኃ ነው። አውቶቡሱ ከነሰዉ ዞረብኝ፤ አስመለሰኝ። ደብረ ታቦር ላይ ደግፈው አወረዱኝና አንድ የማላውቀው መንገደኛ ሐኪም ቤት አደረሰኝ።

ሐኪሙ ጆሮዬን በመብራት አየው። ሲናገር እንደማልሰማ ሲገባው ቀስ እያለ በቀኜ ነገረኝ። ዮዲት ያለችሽን ነው የደገመልኝ፤ ቧንቧው፣ የተቋጠረው ውኃ። ጉንፋን ይዞህ ከከፍታ መውረድ አልነበረብህም አለ። የግራው ታምቡር ተቀድዷል። ቀኙ በመድኃኒቱ ይከፈታል ብሎ ተስፋ ሰጥቶኛል። የግራው ቀዳዳም ይገጥም ይሆናል፤ ጩኸቱ ግን ላይለቀኝ ይችላል። «ቀደም ብለህ ብትመጣ ኖሮ» ብሎ ጀምሮ ተወው። ሰው ሁሉ ዘንድሮ ሲያየኝ የሚጀምረው ቃል ይኸው ነው።

ቅዳሜ፣ አርባውን ስታወጡ፣ አልጋ ላይ ነበርኩ። ራሴን ባቀና ቁጥር ጣሪያው ይዞር ነበር። አባባን ሁለት ጊዜ ቀረሁባቸው።

ብርሃኔ


መካነ ኢየሱስ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብርሃኔ፣ ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ ስጀምረውና ስቀደው ሰነበትኩ።

ጣሰው ደብረ ታቦር መንገድ ላይ አግኝቶሃል። ከኋላህ ደጋግሞ ጠራህ፤ አልዞርክም። ሮጦ ትከሻህን ሲነካህ እንደ ሌባ ደንግጠህ ዘለልክ። ጆሮህ ውስጥ ጥጥ ነበር፤ ጥጡም ንጹሕ አልነበረም። ይህን ሲነግረኝ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ወጣሁ። ጓሮ ቆሜ አለቀስኩ። አሁን አምኜሃለሁ። ዘግይቻለሁ።

ዘግይቻለሁ የምልህ እንዲሁ አይደለም። አንድ ያልነገርኩህ አለ። በአርባው፣ ሰው በልቶ ከተነሣ በኋላ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። «እንግዲህ የአባትሽ ወንበር እንዴት ይሁን? ወንድምሽ ይመጣል ወይ? ይመጣል ካልሽን ክረምቱን እንጠብቀዋለን» አሉኝ። መንገዱን መንገዱን ስመለከት ውዬ አልመጣህም፤ በውስጤ የሚነድ ነገር ነበር። «አይመጣም» አልኳቸው። «አትጠብቁት። ቢመጣም እኔ አላውቀውም።» ወንበሩን ለክንዱ ሰጡት። ዳግማ ትንሣኤ ዕለት ተባርኮ ተቀመጠበት። ያን ቃል ስናገር አንተ ጆሮህ እየደማ አልጋ ላይ ነበርክ።

ደብዳቤህ ደርሶኝ ጣሰውንም እንደ ሰማሁ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄድኩ፤ ተሳስቻለሁ አልኩ። «ልጄ፣ ወንበር እንደ በርጩማ ከሰው ሥር አይነጠቅም» አሉኝ። ክንዱም ምን አጠፋ?

ስምህን እንኳ ላጥራ ብዬ በግንቦት ልደታ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት ተነሣሁ። ታሞ ነው፣ አልሰማም ነበር፣ የጆሮው ታምቡር ተቀድዷል፣ ሐኪም አይቶታል አልኩ። ሁሉንም ተናገርኩ።  ስጨርስ እማ ማሬ እጄን ይዛ «አይዞሽ ሰርኬ፣ ደም አይደል፤ እኅት እንዲህ ናት፤ ትሸፍናለች» አለችኝ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አዘኑልኝ እኮ! አንዲት ያመነችኝ የለችም። ያንተን «እሰይ» በጆሯቸው ሰምተዋል፤ የእኔን ቃል ግን ከእኔ ነው የሰሙት።

እንደ አፌ ሳይሆን እንደ ልቤ ይቅር በለኝ ልል አሰብኩና ልቤም ያን ዕለት ከአፌ ጋር እንደነበር ትዝ አለኝ። እንዲያው ይቅር በለኝ።

ሰርካለም


ከደብራችን፣ ከሚካኤል
ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለሜ፣

አድራሻውን አይተሽ ደንግጠሽ ይሆናል። አዎን፣ እዚሁ ነኝ። ለትናንቱ የሰኔ ሚካኤል መጣሁ። በከተማ አላለፍኩም፤ እንዳታዪኝ በአቋራጩ ነው የወጣሁት። ጉንፋኑ ስለለቀቀኝ ቁልቁለቱ አልጎዳኝም። ቀኙ ተከፍቷል፤ ሰው ቀርቦ ካናገረኝ እሰማለሁ። ግራው ውስጥ ግን ያ ድምፅ ከእኔ ጋር ይነሣል፣ ከእኔ ጋር ይተኛል። ሐኪሙ ትለምደዋለህ ብሎኛል። እስካሁን አልለመድኩትም።

ትናንት ታቦቱ ሲነግሥ ከሕዝቡ ኋላ ከወይራው ሥር ቆምኩ። ክንዱ መራው። በቀኝ ጆሮዬ ብቻ፣ ያም ጎርበጥበጥ እያለ አዳመጥኩት። የአባባን አወራረድ አንድ ሳያስቀር ይዞታል። ጥሩ ያዜማል። ይህችን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ምን ያህል እንደከበደኝ አንቺ ብቻ ታውቂያለሽ። ዓይኑ ሲያየኝ ንግሡ መካከል አንድ ቃል ዘለለ። ሲያበቃ መጥቶ መቋሚያውን ሊያስይዘኝ ፈለገ። አልተቀበልኩትም። የኔታ በቤተ ልሔም ለጀማሪዎቹ ንባብ እንዳስተምር ፈቅደውልኛል፤ ፊደልና ዳዊት ነው፤ ዜማ የለበትም። ከክረምቱ በፊት ወደዚያ እመለሳለሁ። ምስክሩን ሌላ ዓመት እሞክር እንደሆነ አላውቅም።

ሰው ከተበተነ በኋላ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ድንጋዩን ያስተካከልሽው አንቺ እንደሆንሽ ገባኝ። ብዙ ነገር ልላቸው አስቤ ነበር፤ ድንጋዩን ዳስሼ ተነሣሁ። ከመቃብሩ ስወጣ እማ ማሬ በግራዬ በኩል ቆማ «እግዜር ያጽናህ ልጄ» ብላኝ ኖሯል። አልሰማሁም፤ አለፍኳት። ያወቅሁት ክንዱ ሮጦ ደርሶ ሲነግረኝ ነው። ወደ እርሷ ብመለስ ለሴቶቹ ማውራት ጀምራለች። ከንፈራቸውን አየሁት። ማንበብ አያሻውም ነበር።

ይቅር በለኝ ብለሻል። ይቅር ብዬሻለሁ ብል ዛሬ እዋሽሻለሁ። ስለ ወንበሩ ሳስብ ይነድደኛል፤ ጀርባቸውን ስታሺ ስለ ማደርሽ ሳስብ ደግሞ አፍራለሁ። ሁለቱም በአንድ ቀን ይመጡብኛል። እኔም ስለ ዋሸሁሽ ይቅርታ አልለምንሽም፤ ገና ነው። ከእንግዲህ ግን ደህና ሳልሆን ደህና ነኝ ብዬ አልጽፍልሽም። የምሰጥሽ ይህንን ብቻ ነው።

ይህን ዛሬ ለሚወርድ ሰው እሰጠዋለሁ፤ እኔ ነገ ጧት ወደ መካነ ኢየሱስ እወርዳለሁ። በገበያው መንገድ ነው የምገባው። ከሩቅ ስታዪኝ አትጥሪኝ፤ አልሰማሽም፤ ያየ ሰው ደግሞ እኅቱ ጠርታው አልፏት ሄደ ይላል። ቀርበሽ ክንዴን ያዢኝ፤ በቀኜ በኩል።

ብርሃኔ